የሞተር ሳይክል ሰንሰለት በምን ይታጠባል፣ በምንስ ይቀባል? የተቃጠለ ዘይት፣ ግሪስ ወይስ ሌላ?

የጣና_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ሰዉ ሁሉ የተለያየ ነገር እየነገረኝ ግራ ገብቶኛል። ባህር ዳር ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ግን መራዊ ዙሪያ ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ላይ ነው፣ ቦክሰር 150 ነው የምነዳው። አስፋልቱን ለቅቄ ከገባሁ በኋላ ያለው መንገድ በበጋ አቧራ ብቻ ነው፣ በክረምት ደግሞ ያ ቀይ ጭቃ እስከ ጉልበት ይመጣል። ሰንሰለቱ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ክርክር ክርክር ይላል በተለይ ዝናብ መትቶት ባደረ ጠዋት፣ ይላላል አጠብቀዋለሁ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይላላል። ሰፈር ያለው መካኒክ የተቃጠለ ዘይት አፍስበት በቃ ይላል፣ ጓደኛዬ ግሪስ በደንብ ለቅልቀው ዝናብም አይገባው ይላል፣ ሌላው ደግሞ በየሳምንቱ በቤንዚን እጠበው አለኝ። መካኒኩ ጭራሽ የሰንሰለቱን መሸፈኛ ፈትተህ ጣለው ዘይት ለማጠጣት ይመችሃል እያለኝ ነው። ሞተሯ የቤተሰብ እንጀራ ናት እና ከመፍታቴ በፊት የምታውቁ ሰዎች ብትነግሩኝ። በምን ይጸዳል፣ ምን ይቀባል፣ በየስንት ኪሎ ሜትሩ?

ሻሸመኔ_ራይደር፦
ወንድም ብዙ አትጨነቅ የተቃጠለ ዘይት ነው እኔ የምጠቀመው። ሞተሩ ዘይት ሲቀየር በጠርሙስ አስቀርቼ ጠዋት ጠዋት ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ነጻ ነው፣ ድምፁም ወዲያው ይጠፋል። አባቶቻችንም እንዲህ ነው የሚያደርጉት የነበረው።

ቁልፍ14_አርባምንጭ፦
የጣና ዳር ወንድሜ መጀመሪያ ነገር መሸፈኛውን እንዳትፈታው! እሱን የሠሩት ሰዎች ለጌጥ አይደለም ያስቀመጡት። ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር ያሉትን ያማሃ ኤጂ 100ን አይተሃት ከሆነ ሰንሰለቷ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው፣ ኤጂ 200ም እንደዛው ነው፣ ምክንያቱም ለእርሻ ማሳና ለጭቃ ተብለው ነው የተሠሩት። ያንተ መንገድም ያው ነው። መሸፈኛው ግማሽ ከሆነም ግማሹን አቧራ ይከለክልልሃል፣ ሙሉ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ ላይ በላስቲክ የተደፈነች ቀዳዳ አለች፣ እሷን ነቅለህ ጎማውን በእጅህ እያዞርክ ሰንሰለቱን ማየትም ዘይት ማጠጣትም ትችላለህ። ለዋናው እጥበት ብቻ ቡሎኖቹን ፈትተህ አውጣው፣ ስትጨርስ መልሰህ እሰረው።

አሁን ወደ ዘይቱ። ሻሸመኔ ያለኸው ወንድማችን ድምፁ ይጠፋል ያልከው እውነት ነው፣ ማንኛውም እርጥብ ነገር ድምፁን ያጠፋዋል። ግን ሰንሰለት እንዴት እንደሚያልቅ እንየው። ሰንሰለት ረዘመ የምንለው ላሜራው (የጎን ብረቱ) ተስቦ አይደለም። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውስጥ ፒን አለ፣ ፒኑ የሚሽከረከርበት ቡሽ የሚባል ትንሽ የብረት ቱቦ አለ፣ ሁለቱ እየተፋጩ በጣም ትንሽ ትንሽ ያልቃሉ፣ እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ደግሞ ከመቶ በላይ ነው ያለው ሰንሰለቱ ላይ። የሁሉም ሲደመር ነው እንግዲህ ሰንሰለቱ ረዝሞ አንተ በየጊዜው የምታጠብቀው። ስለዚህ ዘይቱ የሚፈለገው እዛ ውስጥ፣ ፒኑና ቡሹ መሃል ነው። ውጪው ላሜራ ላይ ያለው ከዝገት ከማዳን ውጪ ብዙ ሥራ የለውም፣ እንዲያውም ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል።

የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ምን አለ ብትል ከሞተሩ የወጣ የብረት ብናኝ አለ፣ ጥላሸት አለ፣ ከቃጠሎው የመጣ አሲድ አለ። ያንን ነው ወስደህ ፒኑ ውስጥ የምትከተው። ለቆዳም ጥሩ አይደለም፣ በየቀኑ እጅህን የምትነክርበት ከሆነ ይጎዳሃል። ግሪስ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ውጪ ላይ ይቀመጥና የመንገዱን አቧራ በሙሉ ይይዛል፣ ከዛ ያ ግሪስና አቧራ አንድ ላይ ሞረድ ሆኖ የሰንሰለቱንም የስፕሮኬቱንም (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ባለ ጥርሱ ክብ፣ ጥርስ የምንለው) ብረት ይበላዋል። በግሪስ የተለቀለቀ ሰንሰለት ጋራዥ ሲመጣልኝ በመጀመሪያ የማየው የፊቱን ትንሿን ጥርስ ነው፣ ብዙ ጊዜ እሷ ነች ሾልካ የምትገኘው።

ምን ይደረግ ላልከው፣ ለማጽጃ ነጭ ጋዝ (ላምባ)፣ ለማለስለሻ አዲስ የካምቢዮ ዘይት፣ 90 ዘይት የሚባለውን። የብዙ ሞተሮች ማንዋል ራሱ ኤስኤኢ 80 ወይም 90 የማርሽ ዘይት ይላል። ሊትሩን ብትገዛ ለረጅም ጊዜ ነው የሚበቃህ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ የምትጠቀመው በጣም ትንሽ ነው። ቤንዚን ተወው፣ ፈጥኖ ይተናል፣ ሽታው ራስ ያዞራል፣ አንዲት ብልጭታ ካገኘ ደግሞ ቤትህንም ሞተርህንም ያነድብሃል። ላምባውም ቢሆን ከሰል ከተያያዘበት አጠገብ አይሁን።

አሠራሩን ልንገርህ። መንገድ ሄደህ ስትመለስ ሰንሰለቱ ሞቅ እንዳለ ቢሆን ጥሩ ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ክተት፣ ማርሹን ኒውትራል አድርግ፣ በመሃል ስታንድ አቁመው የኋላው ጎማ በአየር ላይ ይሁን። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ላምባ ነክረህ ጎማውን በእጅህ እያዞርክ ከውስጥም ከውጪም ከላይም ከታችም ፈትገው፣ ጥርሶቹንም ጭምር። ከስር ካርቶን ወይ ትሪ ነገር አድርግ ላምባው መሬት ላይ እንዳይፈስ፣ በተለይ ጓሮህ ውስጥ ጉድጓድ ውሃ ካለ። ከዛ በጨርቅ ጥረገውና ይድረቅ፣ እርጥብ ላምባ ላይ ዘይት ብትጨምር ዘይቱን አቅጥኖ ያንጠባጥበዋል። ሲደርቅ በስሪንጅ (መርፌውን ነቅለህ ጣለው) 90 ዘይቱን በታችኛው የሰንሰለት መስመር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ላሜራና ላሜራ በሚገናኙበት ክፍተት ጠብ ጠብ አድርግ፣ በግራም በቀኝም። ከውስጥ በኩል ያልኩህ ሰንሰለቱ ሲዞር ዘይቱን ወደ ውጪ ስለሚገፋው በመገጣጠሚያው ውስጥ አልፎ እንዲሄድ ነው። ጎማውን ብዙ ዙር አዙረው፣ ከተቻለ አሳድረው፣ ጠዋት ደግሞ ውጪውን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ይሄን መጥረግ ነው ሰው የሚዘለው! ውስጡ ዘይት የጠጣ ውጪው ደረቅ ማለት ይቻላል የሆነ ሰንሰለት ነው የሚፈለገው። ጎማው ላይና ፍሬኑ ላይ ዘይት እንዳይረጭ ተጠንቀቅ።

አንድ ነገር ደግሜ እላለሁ ለሁላችሁም። ሞተሩ ተነስቶ ማርሽ ገብቶ ጎማው በራሱ እየዞረ ጨርቅ ይዛችሁ ሰንሰለት እንዳትጠርጉ። መንገድ ዳር ያሉ ብዙ ልጆች እንደዛ ያደርጋሉ ይፈጥናል ብለው። ጨርቁ ሰንሰለቱና ጥርሱ መሃል ሲገባ እጅህን ለመሳብ ጊዜ አይሰጥህም፣ ጣት ይቆርጣል። በእጅ አዙሩት፣ የሚወስደው ትንሽ ደቂቃ ነው።

ነርስ_በሞተር፦
ጋሼ ቁልፍ14 እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ አድርገው ነው ያስረዱት። እኔም ለሥራ ገጠር ነው የምወጣው ኤጂ 100 ነው የያዝኩት እና ስለ ሽፋኑ ያሉት ልክ ነው፣ እሱ ስላለ እኔ ሰንሰለቴን እንደ ሌሎቹ የሥራ ባልደረቦቼ ቶሎ ቶሎ አልነካውም። ግን ሽፋኑ ውስጥ አይታይም ብሎ መርሳትም አለ! ወንዝ ከተሻገርኩ በኋላ ውሃ ውስጡ ይቀራል፣ ስለዚህ በዛ ቀን ማታ ላስቲኳን ነቅዬ አያለሁ።

በየስንት ኪሎ ሜትር ላልከው የጣና ዳር፣ ብዙ ማንዋል ላይ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ነው የሚለው ግን ያ ለደህና መንገድ ነው። በእኛ መንገድ ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን የደረሰበትን ነገር እይ፣ ዝናብ ከመታው፣ ወንዝ ከገባ፣ ከታጠበ፣ ወይ በበጋ አቧራ ሲውል ከሰነበተ በዛው ቀን ማታ ጥረገውና ዘይት ጠብ አድርግበት። ዋናውን የላምባ እጥበት ግን ሁልጊዜ አያስፈልግም፣ ቆሻሻው ጥቁር ቅርፊት ሲሠራ ነው። እኔ ወንበሩ ስር ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ዘይት፣ ስሪንጅና ጨርቅ በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ ነው የምዞረው። ዝናብ መትቶት ያደረ ሰንሰለት ጠዋት ላይ ቀይ ዝገት ካወጣ እኮ ዘይቱ ታጥቦ አልቋል ማለት ነው፣ ያንተ ክርክር የሚለው ድምፅም ከዛ የመጣ ይመስለኛል።

ፍራንክፈርት_ላይ፦
ሰላም ወገኖች፣ ከጀርመን ነው። ጥሩ ውይይት ነው፣ ግን አንድ ነገር ካልተለየ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ሁለት ዓይነት ሰንሰለት ነው ያለው። አንደኛው ተራው ነው፣ የጣና ዳር ሞተር ላይ ያለው ምናልባት እሱ ነው፣ ትንንሽ ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ 428 የሚባለው (የሰንሰለቱ መጠን ቁጥር ነው) ተራ ሰንሰለት ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ኦ-ሪንግ ወይም ኤክስ-ሪንግ የሚባለው ነው፣ በውስጥና በውጪ ላሜራዎቹ መሃል ቀጫጭን የላስቲክ ቀለበቶች (ጎሚኒ) አሉት፣ ጠጋ ብለህ ብታይ ጥቁር መስመር ሆነው ይታያሉ። እዚህ አውሮፓ ትልልቅ ሞተሮች ላይ ያለው ይሄ ነው፣ አገር ቤትም ትልልቅ ኢንዱሮ (ለኮረኮንች መንገድ የተሠራ ሞተር) የሚነዱ ሰዎች አላቸው። የዚህኛው ፒን ውስጥ ግሪሱ ከፋብሪካ ተሞልቶ በጎሚኒው ታሽጎ ነው የሚመጣው። ጎሚኒው ከተበላሸ ያ ግሪስ ይወጣል፣ ከውጪ ምንም ብታደርግ መልሰህ አታስገባውም፣ ሰንሰለቱ አለቀለት በቃ።

ስለዚህ ኦ-ሪንግ ላለው ቤንዚንም፣ የቀለም ማቅጠኛ ቲነርም፣ የሽቦ ብሩሽም ክልክል ነው። ላምባ ይቻላል ግን ለስላሳ ብሩሽ ወይም ጨርቅ ነክረህ አጽድተህ ወዲያው ጥረገው፣ ላምባ ውስጥ ዘፍዝፈህ አታሳድረው። ታዲያ ግሪሱ ውስጡ ከታሸገ ለምን ዘይት ይቀባል ካላችሁ፣ ሮለሩና (ቡሹ ላይ የሚዞረው ክብ ብረት) ጥርሱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፣ ዝገት አለ፣ ጎሚኒዎቹም እንዳይደርቁ ነው። በስፕሬይ የሚመጣውን የሰንሰለት ቅባት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ረጭታችሁ ወዲያው አትንዱ፣ ስፕሬዩን ያቀጠነው ነገር ተንኖ ዘይቱ እስኪያዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቁም፣ አለበለዚያ ሪሙና ጀርባችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

ዴሊቨሪ_አዲስ፦
እኔም ልጠይቅ በዚሁ። አዲስ አበባ ዴሊቨሪ ነው የምሠራው ሞተሩን ቶሎ ቶሎ ላቫጆ አስጥባለሁ ደንበኛ ፊት ንጹህ መሆን ስላለበት፣ ልጆቹ በዛ በኃይለኛው ውሃ ሰንሰለቱን ሲመቱት ነጭ ሆኖ ይወጣል ደስ ይላል፣ ከዛ ደብሊውዲ-40 እነፋበታለሁ። ይሄ ትክክል ነው ወይስ?

ቁልፍ14_አርባምንጭ፦
ዴሊቨሪ፣ ላቫጆ ብትወስደው ችግር የለም ግን ልጆቹን ሰንሰለቱንና የጎማውን መሃል፣ ኩሽኔታው ያለበትን፣ በኃይለኛ ውሃ በቅርብ እንዳይመቱት ንገራቸው። ያ ግፊት ውሃውን ፒን ውስጥ ያስገባዋል፣ ኦ-ሪንግ ከሆነም ጎሚኒውን አልፎ ይገባል፣ ዘይቱን ያስወጣና ውሃ ይተካበታል። ነጭ ሆኖ መውጣቱ እኮ ዘይት የሚባል እንዳልቀረበት ነው የሚያሳይህ። ደብሊውዲ-40 (ተራው፣ ሰማያዊና ቢጫ ቆርቆሮ) ውሃ ለማባረርና ቆሻሻ ለማላቀቅ ጥሩ ነው፣ ግን ስስ ስለሆነ ማለስለሻ ሆኖ አይቆይም። ከላቫጆ ስትመለስ እሱን ነፍተህ ውሃውን ካስወጣህ በኋላ ጥረገውና 90 ዘይቱን አጠጣው፣ እሱ ላይ ብቻ አታቁም። አንተ በቀን ብዙ ስለምትነዳ ሁልጊዜ ማታ ሥራ ስትጨርስ ብታደርገው ጥሩ ነው፣ ጠዋት አጠጥተህ ወዲያው ከነዳህ አብዛኛው ዘይት ይረጫል።

የጣና_ዳር፦
ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ እህታችን ስለ ዝገቱ ያልሽው ልክ ነው ጠዋት ጠዋት ቀይ ነው የሚሆነው። እንደተባለው ቅዳሜ ከሰዓት በላምባ አጠብኩት፣ ምን ያህል ጥቁር ነገር እንደወጣ ብታዩ። ዘይት አጠጥቼ አሳድሬ ጠረግኩት ድምፁ በጣም ቀንሷል። ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ጎማውን ሳዞረው አንዳንድ ቦታ ላይ ይጠብቃል አንዳንድ ቦታ ላይ ይላላል፣ የኋላው ጥርስ ደግሞ ጫፉ ሾሎ ወደ አንድ በኩል ያዘነበለ ነገር አለው። ጋሼ ይሄ ሰንሰለት አልቋል ማለት ነው? እንዴት ነው በእርግጠኝነት የሚታወቀው? ደግሞ የትኛው ቦታ ላይ ሆኜ ነው መላላቱን የምለካው?

ቁልፍ14_አርባምንጭ፦
በሜትር ለካው ከግምት ይሻላል። የታችኛውን መስመር ወጠር አድርገህ ከአንድ ፒን መሃል ጀምረህ 21 ፒን ቁጠር፣ ማለትም መሃላቸው 20 ክፍተት ይኖራል። የ428 አንድ ክፍተት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አዲስ ሲሆን 20ው 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 259 ከደረሰ መቀየር አለበት። ሰንሰለት እኩል ስለማያልቅ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ለካ፣ ትልቁን ቁጥር ያዝ። ሜትር ከሌለህ ደግሞ የኋላው ጥርስ ኋለኛው ጫፍ ላይ ሰንሰለቱን ይዘህ ወደ ኋላ ጎትተው፣ ተነስቶ የጥርሱን ግማሽ ያህል ካሳየህ አልቋል።

መላላቱን የምትለካው በጣም በጠበቀበት ቦታ ነው! በላላው ቦታ ለክተህ ካጠበቅከው የጠበቀው ቦታ ሲመጣ ሰንሰለቱ ይወጠርና የካምቢዮውን መውጫ ዘንግ ኩሽኔታና የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ይጨርስብሃል። እንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ የታችኛው መስመር መሃል በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፋው በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት፣ የራስህን ማንዋል ግን እይ። ደግሞ ሰው ወይ ጭነት ሲጨምርበት የኋላው እግር ይወርድና ሰንሰለቱ የበለጠ ይጠብቃል፣ ገጠር ላይ ደግሞ ሁለት ሰው ከነጭነቱ ነው የሚጫነው፣ ስለዚህ ወደ 30ው ጠጋ ብሎ ቢላላ እመርጣለሁ ከሚጠብቅ።

የጣና_ዳር፦
ለካሁት። አንድ ቦታ 258 ነው ሌላ ቦታ ላይ 261 ነው። ሰንሰለቱን ብቻ ብቀይረው ይበቃል? ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ ዋጋው በጣም ይለያያል ርካሹም ውዱም 428 ነው ይሉኛል።

ቁልፍ14_አርባምንጭ፦
261 ከሆነ ጥያቄ የለውም አልቋል። ሰንሰለቱን ብቻ አትቀይር፣ የፊቱንም የኋላውንም ጥርስ አንድ ላይ ቀይር። አሮጌው ጥርስ በረዘመው ሰንሰለት ልክ ስለተበላ አዲሱን ሰንሰለት በአጭር ጊዜ እንደሱ ያደርገዋል፣ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው። ሁሉም 428 ቢሆንም ላሜራው እኩል አይደለም፣ 428ኤች የተጻፈበት ላሜራው ወፍራም ነው፣ ላንተ መንገድ እሱን ፈልግ። ቁጥሩ ላሜራው ላይ ተመትቶ መሆኑን እይ፣ እያንዳንዱን ሮለር በጣትህ አዙረው በነጻነት መዞር አለበት፣ ጎንበስ ሲል የሚደርቅ መገጣጠሚያ ካለው መልሰው። ቁመቱን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርገህ በመለካት ሳይሆን መገጣጠሚያዎቹን በመቁጠር ነው የምታመሳስለው ምክንያቱም አሮጌው ረዝሟል።

ስትገጥመው የማያያዣው ክሊፕ የተዘጋው ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፣ ክፍቱ ወደ ኋላ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ድንጋይ ወይ እንጨት ሲነካው ሊወልቅ ይችላል። የኋላውን ጎማ ስትስብ በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ቁጥር ላይ ይሁኑ፣ ዘንጉን በደንብ አጥብቀው፣ ዳዶው ላይ ሽቦ (ኮፒሊያ) ካለው አዲስ ክተትበት። አዲሱ ሰንሰለት ከፋብሪካ ተቀብቶ የመጣውን ቅባት በላምባ አጥበህ እንዳታወጣው፣ ያ ውስጥ ድረስ የገባ ጥሩ ቅባት ነው፣ ውጪው ከመጠን በላይ ከተጣበቀ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረገው። መጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ላይ ትንሽ ይላላል አዲስ ስለሆነ ነው፣ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ደግመህ ለካውና አስተካክለው።

ነርስ_በሞተር፦
የጣና ዳር፣ አሮጌዋን ክሊፕ አትጣላት፣ ፒንሳም አብረህ ያዝ። ገጠር መሃል ክሊፕ ወልቆ የቀረ ሰው አግኝቼ አውቃለሁ፣ እሷን ትንሽ ብረት ብቻ አጥቶ ነው ሞተሩን እየገፋ የነበረው። ሰንሰለቱን ስትገዛ ተጨማሪ ማያያዣ ከነክሊፑ ብትገዛ ደግሞ የበለጠ ነው፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ቁጥሩ ግን 428 መሆኑን አረጋግጥ ሌላ ቁጥር አይገባልህም።